ቨርሊን ጎማ ስትፈታ

ኳርትዝሳይት፣ አሪዞና
ኖቬምበር 14 ቀን 1996 እ.ኤ.አ.

ውድ ሃልቮር፣

እንደምን ከርመሃል? ላሞቹስ? ጉልበትህን ብርዱ እንዴት አደረገው? እኛ ደኅና ነን። ሁለት ደብዳቤ ጽፈህልኝ ሳልመልስልህ መቆየቴን አውቃለሁ፤ ይቅር በለኝ። ሊጽፍልህ የነበረው ወንድምህ አርሎ ነበር። አውራ ጣቱን በመዶሻ መትቶ ስላበጠበት እኔ ተክቼዋለሁ። አትስጋ፤ ጣት ነው፣ ይድናል።

«ካሊፎርኒያ ውቅያኖስ ዳር እንከርማለን ብላችሁ በረሃ መሃል ምን ትሠራላችሁ?» ላልከኝ መልሱ አንድ ጎማ ነው። አውራ ጎዳናው ላይ ስንሄድ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ከኋላ ጡሩንባውን እያንባረቀ አስቆመን። ወርደን ብናይ በፒክአፑ ከምንጎትተው ተሳቢ ቤታችን የግራ ጎማ ጭስ ይወጣል። ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ግራሶ አጥቶ ነዶ፣ ብረቱ ሰማያዊ ሆኗል። አርሎ ከቤት ሳንወጣ ግራሶ ሞልቼዋለሁ ብሎኝ ነበር። እንግዲህ ዕቃ ነው፤ ይበላሻል።

አሁን ያለነው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከየአገሩ የመጡ ጡረተኞች ተሳቢ ቤታቸውን ገትረው በሚከርሙበት ሜዳ ላይ ነው። ውኃ የለም፣ መብራት የለም፤ ጠጠርና ቁልቋል ብቻ። ጎረቤታችን ኦፓል የምትባል የቴኔሲ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ የተማሪዎች ሰርቪስ የነበረ አሮጌ አውቶቡስ ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። ሰውን ሁሉ «የኔ ማር» ነው የምትለው፤ ጠብ ስትፈልግም ጭምር። በመጣን ማግስት በሩን አንኳኩታ፣ «የኔ ማር፣ ያንን ጀነሬተር ካላጠፋሽው በድንጋይ ነው የምሰብርልሽ» አለችኝ። አሁን ወዳጆች ሆነናል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። አዲስ ኩሽኔታ ሲገጠም ዳዶው ምን ያህል ነው የሚጠብቀው? እስከ መጨረሻው ነው ወይስ ላላ ይደረጋል? ባልሽን ለምን አትጠይቂውም እንዳትለኝ። ራሴ ሠርቼው ለገና ላስገርመው ፈልጌ ነው። ስለዚህ መልሱን በእኔ ስም ጻፍ፤ ፖስታ ቤት እየሄድኩ የምቀበለው እኔ ነኝ።

ቨርሊን


ራግቢ፣ ኖርዝ ዳኮታ
ኖቬምበር 25

ቨርሊን፣

ጉልበቴን ተዪው፤ እሱ ከእኔ ቀድሞ ነው ያረጀው። ላሞቹ ደኅና ናቸው። የሚጠጡት ውኃ ላይ በረዶ እየተጋገረ ስላስቸገረኝ ጠዋት ጠዋት በመጥረቢያ እየፈለጥኩ አጠጣለሁ። ቅዳሜ ዕለት በቤተ ክርስቲያን የሉተፊስክ፣ የዚያ የአባቶቻችን የደረቅ ዓሣ፣ እራት ነበር። ዘንድሮ አንቺ ስለሌለሽ ዓሣውን የቀቀለችው የፓስተሩ ሚስት ናት። ሹካ ስሰካበት እየተንሸራተተ አልያዝ ቢለኝ በማንኪያ ጠጣሁት። ሰው ሁሉ «ቨርሊን የት ናት?» ይል ነበር። በረሃ ወርዳ ጎማ ትፈታለች ብላቸው ማን ያምነኛል?

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ተሳቢው ከመኪናው ጋር እንደተያያዘ ይሁን፤ የማትፈቺያቸውን ጎማዎች ፊትም ኋላም ድንጋይ ደግፊላቸው። ክሪኩን ከዋናው ወፍራም ብረት ሥር ነው የምታስገቢው፤ ሌላ ቦታ ያጎብጥብሻል። ኩሽኔታውን ግራሶ ላዩን ቀብተሽ እንዳታልፊ። ግራሶውን መዳፍሽ ላይ አድርጊና በወዲያኛው በኩል ብቅ እስኪል ድረስ እየጫንሽ አጉርሺው። አዎ፣ እጅሽ ይበላሻል። ዳዶውን ስታጠብቂ በሌላው እጅሽ ጎማውን እያዞርሽ ይሁን። አልዞርም ብሎ ሲከብድሽ አቁሚ። ከዚያ መልሰሽ ሙሉ በሙሉ አላይው። አሁን መፍቻውን አስቀምጪና በጣትሽ ብቻ እስከደረሰበት አጥብቂው። ሲያበቃ ያችን ሽቦ የመሰለች ኮፒሊያ ሰክተሽ ጫፏን ቆልምሚያት፤ ዳዶው እንዳይፈታ የምትጠብቀው እሷ ናት። ብዙ ሰው ኩሽኔታ የሚያቃጥለው አለቅጥ እያጠበቀ ነው።

አርሎ ይበላል? ይተኛል? ይህን ብቻ ጻፊልኝ። ስለ ጣቱ አይደለም የምጠይቅሽ።

ሃልቮር


ኳርትዝሳይት
ዲሴምበር 5

ውድ ሃልቮር፣

አዎ፣ ይበላል። ይተኛልም፤ ቀን ቀን። ሌሊት ትንሽ ይነሳል። በረሃው ጨረቃ ሲወጣበት እንደ ቀን ነው፤ ማን ይተኛል ብለህ? ጥያቄህ ግን ገርሞኛል። ከመቼ ወዲህ ነው ሰባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ወንድምህ እህል መቅመሱን የምትጠይቀው?

ኩሽኔታውን ገጠምኩት! እንደነገርከኝ አጎረስኩት፣ አጠበቅኩት፣ አላላሁት፣ በጣቴ መለስኩት። ኦፓል ዣንጥላ ይዛ ቆማ ስታየኝ ቆየችና «የኔ ማር፣ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ወንዶቹ ዕድሜ ልካችንን ሲያቃስቱ የኖሩት ለምንድን ነው?» አለችኝ። ሳቄ መጥቶ መፍቻው ከእጄ ወደቀ።

አርሎ ግን አልረካም። በማግስቱ ፈታው፤ አጥቦ መልሶ ገጠመው። ሁለት ቀን ቆይቶ ደግሞ ፈታው። «ያንን ጎማ አይተኸው የለም እንዴ?» ስለው «የትኛውን?» ይለኛል። ታውቀው የለ፤ በሥራ ላይ ጠንቃቃ ነው።

ባለፈው ሳምንት በበረሃው ታሪክ ያልታየ ዝናብ ዘነበብን። ጣሪያው ከአልጋችን በላይ ያፈስ ነበር፤ ወጥቼ በማስቲሽ ደፈንኩት። አሁን የተረፈው ማሞቂያው ነው። ጋዝ አለው፣ ይሸተኛል፤ ግን አልቀጣጠልም ብሏል። ከየት ልጀምር?

ገናን ለምን ከእኛ ጋር አታሳልፍም? አውቶቡስ እስከ ፊኒክስ ይመጣል፤ እዚያ ድረስ መጥተን እንቀበልሃለን። አርሎ ስምህን ያነሳል። ትናንት የመሣሪያ ሳጥኑን ገልብጦ «ሃልቮር መፍቻዬን ወስዶ አስቀረብኝ» እያለ ሲረግምህ ዋለ። መፍቻውን በእጁ ይዞት ነበር። በኋላ ስቀናል።

ና እባክህ።

ቨርሊን


ራግቢ
ዲሴምበር 14

ቨርሊን፣

ለገና መምጣቱ አይሆንልኝም። አንዲት ጊደር ያለጊዜዋ ልትወልድ ትመስላለች። መንገዱም ሁሉ በረዶ ነው። አውቶቡስም ወገቤን አይችለውም። አባታችን «ሦስት ምክንያት የደረደረ ሰው እውነተኛውን አራተኛ አድርጎ ደብቆታል» ይል ነበር። ቢሆንም ተዪኝ።

ጋዝ ሲሸትሽ መጀመሪያ ሲሊንደሩን ዝጊ፣ በርና መስኮት ክፈቺ፤ ክብሪት የሚባል ነገር እንዳትነኪ። ከዚያ ሳሙና በውኃ በጥብጪና ቧንቧው የተጋጠመበትን ቦታ ሁሉ ቀቢው። አረፋ የሚተፋው ቦታ እሱ ነው የሚያፈሰው። ካገኘሽው በኋላ በእጅሽ አትሞክሪው፤ ከከተማ ሰው ጥሪ። እና ቨርሊን፣ ከቤት ስትወጪ ሲሊንደሩን ዝጊው። ምግብ ሠርተሽ ስትጨርሺም ዝጊው። መዝጊያና መክፈቻውን አንቺ ብቻ ያዢ። ለምን አትበይኝ።

ከሰፈራችሁ ስትንቀሳቀሱም እንዲሁ። የጎማዎቹን ዳዶዎች መፍቻ ይዘሽ አንድ በአንድ ሞክሪያቸው። አርሎ «አጥብቄያቸዋለሁ» ቢልሽም አንቺ ሞክሪያቸው።

በላክሁላችሁ ጥቅል ውስጥ የሱፍ ካልሲዎችና የድንች ቂጣ አለ። ቂጣው የእኔ ሥራ ነው። አልበላ ካለ ለጫማ ሶል ይሆናል። ለአርሎ የአባታችንን ባርኔጣ ልኬለታለሁ፤ እኔ እንደላክሁት ንገሪው። ስሜን ጥሪለት።

መልካም ገና።

ሃልቮር


ኳርትዝሳይት
ጃንዋሪ 12 ቀን 1997

ሃልቮር፣

አዎ፣ ስለ አደጋው ሰምተህ የጻፍክልኝ እውነት ነው። ከእኔ ሳይሆን ከሰው አፍ በመስማትህ አዝናለሁ። ለካ እዚህ ሜዳ ላይም የራግቢ ጆሮ አለ። ማንም አልሞተም። አርሎም እኔም ደኅና ነን።

ውኃ ልንቀዳ፣ ቆሻሻውንም ልንደፋ ወደ ከተማ ልንሄድ ነበር። አንተ ዳዶዎቹን ሞክሪ ብለህ ጽፈህልኛል፤ አልረሳሁትም። መፍቻውንም አውጥቼው ነበር። አርሎ ግን መሪው ላይ ተቀምጦ፣ ያንን ባርኔጣ ግንባሩ ላይ ደፍቶ፣ «ነይ እንጂ ሴትዮ! በረሃው ሳይዘጋ እንሂድ!» እያለ ይስቃል። ሃልቮር፣ እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ! ሳቁን ላቋርጥበት አልፈለግኩም። መፍቻውን ወንበር ሥር ጥዬ ገባሁ።

ቁልቁለቱን ስንጀምር አንድ ጎማ ከጎናችን አልፎ ወደፊት ሲሮጥ አየሁ። አርሎ «የማን ጎማ ነው ይሄ?» አለ። ከዚያ ቤታችን በአንድ ጎኑ ተንጋደደና መሬቱን እያረሰ ቆመ። ጎማው ግን አልቆመም። ቁልቁለቱ ሥር ኦፓል አውቶቡሷ ደጅ የሠራችውን ዳስ ጥሶ ገብቶ፣ ሁልጊዜ የምትቀመጥባትን ወንበር ሰባብሮ፣ አውቶቡሷን ደልቆ ነው የወደቀው። ወንበሯ ባዶ ነበረች። መነጽሯን ልታመጣ ገብታ ነበር። ስትወጣ ወንበሯን አየች፤ እኔን አየች። «የኔ ማር...» አለችና የወንበሯን ስብርባሪ መልቀም ጀመረች።

ፖሊስ መጣ፤ ወጣት ነው። አርሎን ስሙን ጠየቀው፤ በትክክል መለሰ። «መኖሪያዎ የት ነው?» ሲለው ግን ከስንት ዘመን በፊት የሸጥነውን የእርሻ ቤት ነገረው፤ በስተሰሜን ያለውን የነፋስ ወፍጮ ሳይቀር። ልጁ በትዕግሥት አዳመጠው። ከዚያ የመኪናውን ቁልፍ ነቅሎ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝና ድምፁን ቀንሶ፣ «እማማ፣ ይህ ከዛሬ ጀምሮ ከእርስዎ ኪስ አይውጣ። የእኔም አያት እንዲህ ነበሩ» አለኝ።

ስለዚህ እውነቱን ልንገርህ። አርሎ ታሟል። አእምሮው እየከዳው ነው። እኔ ካለፈው ጸደይ ጀምሮ አይቻለሁ፤ ሰው እንዳይስቅበት ብዬ ሆድ ይፍጀው አልኩ። የገና ማስገረሚያ የሚባል ነገር አልነበረም። አንተን የጠየቅሁህ እሱ ኩሽኔታውን ይዞ፣ አገላብጦ አይቶ፣ «ይሄ ምንድን ነው?» ስላለኝ ነው። አርባ ዓመት የራሱ ጋራዥ የነበረው መካኒክ።

ፖሊሱ ከሄደ በኋላ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ልቡናው ተመልሶለት ነበር፤ ያደረገውን አውቋል።

«ለሃልቮር ነግሬው ነበር እኮ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ሐኪሙ ያለኝን። ሳንነሳ በፊት። አልነገረሽም?»

አልነገርከኝም፣ ሃልቮር።

ቨርሊን


ራግቢ
ጃንዋሪ 20

ቨርሊን፣

አልነገርኩሽም። እውነት ነው። ይቅር በይኝ።

ሃልቮር


ራግቢ
ፌብሩዋሪ 3

ቨርሊን፣

ፖስተኛው በመጣ ቁጥር እስከ መንገዱ እየወጣሁ እጠብቃለሁ። ከአንቺ የለም። መብትሽ ነው። ባታነቢውም ይህን ልጻፍልሽ።

መከሩ አልቆ ነበር። ወንድሜና እኔ ተሳቢውን ከፒክአፑ ጋር የሚያያይዘውን ብረት ስንበይድ፣ ድንገት መሥሪያውን አስቀመጠና ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ።

«ሚኖት ከተማ ሄጄ ነበር፤ ሐኪም ጋ» አለኝ። «ጭንቅላቴ ሊጠፋ ነው አሉኝ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው ጭንቅላት የነበረህ?» አልኩት። ቀልድ መስሎኝ ነው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። እሱ አልሳቀም።

«ለቨርሊን እንዳትነግራት» አለ። «ከነገርካት ሻንጣዋን መልሳ ትፈታለች። ከዚያ እኔን ስትጠብቅ ነው እዚህ ቤት ውስጥ የምታረጀው። ዕድሜዋን ሙሉ የእኛን በረዶ ስትጠርግ ኖረች። አንድ የበረዶ ወቅት፣ አንድ ብቻ፣ ፀሐይ ላይ ትቀመጥ። ከዚያ ወዲያ የፈለገው ይምጣ።»

«መንገድ ላይ ቢብስብህስ?»

«ይብስብኛል። ያኔ ለአንተ ትጽፍልሃለች። ስለ ጎማ፣ ስለ ጣሪያ ትጠይቅሃለች። ለምን ሳትል መልስላት። አሳፍረህ አትጠይቃት። ቀስ ብለህ አስተምራት።»

እጁን ዘረጋ፤ ጨበጥኩት። ያንን ያህል ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ፣ «ለገና ላስገርመው ነው» ያልሽውን ሳነብ፣ ከጋጣው ገብቼ ከላሞቹ ጋር ቆምኩ። አወቅኩ። እንዳላወቀ ሰው ስለ ግራሶ ጻፍኩልሽ። ለወንድሜ ቃሌን ጠበቅኩ ብዬ ራሴን አሞገስኩ፤ አንቺ ግን ብቻሽን ነበርሽ። ቀድሜ አንዲት መስመር ብጽፍልሽ ኖሮ ያን ዕለት መሪውን አይዝም ነበር። ያቺ የቴኔሲ ሴት ወንበሯ ላይ ብትሆን ኖሮ እያልኩ ሳስብ ይኸው እህል አይወርድልኝም።

የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ቢሆንም አንዲት ቃል ጻፊልኝ። ስድብም ይሁን።

ሃልቮር


ኳርትዝሳይት
ፌብሩዋሪ 12

ሃልቮር፣

አንተ ጅል ሽማግሌ! ይኸው ስድቡ።

አዎ፣ ተናድጄብህ ነበር። ስጽፍልህ፣ ስቀድ፣ ስጽፍልህ፣ ስቀድ ከረምኩ። ያሁኑን ደብዳቤህን ግን ለኦፓል ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ስጨርስ መነጽሯን አውልቃ፣ «የኔ ማር፣ ሦስት ሰዎች እርስ በርስ እንዲህ ከተሸሸጋችሁ ያ ጎማ ቀድሟችሁ ቢሮጥ ምን ይገርማል» አለችኝ።

አንድ ነገር ግን ማወቅ አለብህ። እኔ በረዶ ጠልቼ አላውቅም። አንድም ቀን! ጠዋት በሩን ስከፍት ማንም ያልረገጠው ነጭ ሜዳ ማየት ምን ያህል እንደምወድ ለአርሎ ነግሬው አላውቅም ማለት ነው? ተሳቢ ቤቱን የገዛነው፣ የሸጥነውንም ሁሉ የሸጥነው፣ እሱ የሚመኘው መስሎኝ ነው። ሕመሙን አይቼ፣ «ጊዜ ሳለለት አገሩን ይይ፤ ደስ ይበለው» ብዬ እሺ አልኩ። እሱ ለእኔ ብሎ፣ እኔ ለእሱ ብዬ፣ ሁለታችንም ያልፈለግነው በረሃ ላይ ቁጭ አልን። ቤታችን አልጋ ጫፍ ላይ አብረን ተቀምጠን አንድ ጊዜ ብቻ አልቅሰን ብንነጋገር ኖሮ! ይህ ነው አንጀቴን የሚበላኝ። በአንተ መናደዴንማ ጨርሻለሁ።

ስለ ቤቱ ማወቅ ከፈለግክ፣ ተነሥቷል። ከሜዳው የተሰበሰቡ ሽማግሌዎች እንጨት እየደራረቡ፣ እየተጯጯሁ፣ ሁሉም አዛዥ ሆኖ ቀና አደረጉት። ከከተማ ሬፉጂዮ የሚባል በያጅ መጥቶ የተጣመመውን ብረት ለወጠልን። ከወለሉ ሥር የተቀደደውን ላሜራ እኔና ኦፓል ቀጠቀጥነው። የማጠቢያ ቤቱ በር ግን ከእንግዲህ አይዘጋም፤ መጋረጃ ሰቅያለሁ። መንዳትም እየተማርኩ ነው። ወደፊቱስ እሺ፤ ወደኋላ ስመልሰው ተሳቢው ግራ ስለው ቀኝ ይሄዳል። ልክ እንደ ወንድምህ።

አሁን የምለምንህን ስማ። ና። ጊደር የለም፣ ወገብ የለም። አራተኛውን ምክንያትህን አውቀዋለሁ፤ እንዲህ ሆኖ ልታየው ፈርተህ ነው። እኔም እፈራለሁ፤ ግን በየቀኑ አየዋለሁ። ዛሬም ስምህን ጠርቷል፤ ትናንትም። ከሰሞኑ ብዙ ስም ጠፍቶታል፤ ያንተ ገና አልጠፋም። ሳይጠፋው ና።

ቨርሊን


ራግቢ
ማርች 15

ቨርሊን፣

ከእናንተ ተነሥቼ በደኅና ቤቴ ገብቻለሁ። ለስንቁ አመሰግናለሁ፤ ለኦፓልም ንገሪልኝ። አውቶቡሱ ወገቤን አልጎዳውም። ይህንንም ዋሽቼሽ ነበር።

አንቺ ፊት ያላልኩትን እዚህ ልበለው። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ በዚያው ቀን መነሳት ነበረብኝ። አልተነሳሁም። ጊደሯ ትውለድ አልኩ፤ ወለደች። ብርዱ ይለፍ አልኩ። ሻንጣዬ በር ሥር ታሽጎ ቆሞ እኔ በላዩ እየተራመድኩ አልፍ ነበር። ስመጣ ያየሽው ሆነ።

አንቺ ውኃ ልትቀጂ ስትሄጂ ብቻችንን ቀርተን ነበር። አጠገቤ ያለችውን ወንበር በባርኔጣው ጠረገልኝና፣

«እንኳን ደኅና መጡ። ይቀመጡ እንጂ» አለኝ።

እርስዎ አለኝ። በጀርባው አዝሎ ኩሬውን ያሻግረኝ የነበረው ታላቄ፣ እኔን፣ እርስዎ።

«ከሩቅ ነው የመጡት?»

«ከዳኮታ» አልኩት።

«ከዳኮታ!» ፊቱ በራ። «እዚያ እኮ ወንድም አለኝ። ያውቁት ይሆን?»

«አውቀዋለሁ።»

«ሰነፍ ነው» አለና ሳቀ። «መፍቻ ተውሶ አይመልስም። ልቡ ግን ደግ ነው። ሲያገኙት ና ብሎሃል ይበሉት።»

«እነግረዋለሁ» አልኩት።

ይኸው ነው። ከዚያ ፀሐይዋን ጉልበታችን ላይ አድርገን፣ ሁለት የማይተዋወቁ ሽማግሌዎች ሆነን ተቀመጥን። ስታመጪልን ውኃውን የጠጣሁት ፊቴን ለመሸፈን ነው።

እባክሽ ወደ ቤት አምጪው። የእኔ ቤት ታችኛው ክፍል ባዶ ነው፤ ደረጃም የለው። ያንን ተሳቢ ብቻሽን ተራራ ልታሻግሪ አትችዪም። መጥቼ እኔ ልንዳላችሁ። ዛሬ ጻፊልኝ፤ በነጋታው እነሳለሁ። በዚህኛውስ አልዘገይም።

ሃልቮር


ፓንጉዊች፣ ዩታ
ኤፕሪል 22

ውድ ሃልቮር፣

የፖስታውን ማኅተም ስታይ ትደነግጣለህ። አትደንግጥ። ልታመጣን መምጣት አያስፈልግህም፤ እየመጣን ነው። ጥያቄህን ሳልመልስ የቆየሁት እንቢ ልል አስቤ ሳይሆን፣ መቻሌን ሳላረጋግጥ እችላለሁ ማለት ስላፈርኩ ነው። ስለ ዝምታዬ ደግሞ ይቅርታ አድርግልኝ። እንደዚህ ይቅርታ ስንባባል ዕድሜያችን ማለቁ ነው።

ኦፓል እስከ አስፋልቱ ድረስ በእግሯ ሸኘችን። አርሎን አቅፋ «የኔ ማር፣ ሚስትህን አደራ፤ ጎበዝ ሾፌር ናት» አለችው። «አይዞሽ፤ አይቻታለሁ» አላት። እኔ በመስኮት አላየሁም፤ መሪውን ብቻ ይዤ አለቀስኩ።

ቀስ ብለን ነው የምንሄደው። ጠዋት ትንሽ እነዳለሁ፤ እሱ ሲደክመው እንቆማለን። አቀበት ላይ ከኋላዬ መኪና ይሰለፋል፤ ጡሩንባ ይነፋብኛል፤ እኔም እጄን አወዛውዝላቸዋለሁ። ቁልቁለት ላይ እጸልያለሁ። ከመነሳቴ በፊት ዳዶዎቹን አንድ በአንድ እሞክራለሁ። ማንም ሲስቅ ቢጠራኝ፣ ማንም ቢቸኩል፣ ሳልጨርስ አልገባም። ያን ቀን እንዲህ አድርጌ ቢሆን እያልኩ ነው የምሞክራቸው፤ እያንዳንዱን።

እዚህ የቆምነው አንዱ ጎማ ሲዞር ድምፅ ስላሰማኝ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ አንሥቼ ፈታሁት። ኩሽኔታው ደኅና ነው፤ ግራሶው ግን ደርቆ ነበር። አርሎን በቅርበት ወንበር ላይ አስቀምጬው፣ ኩሽኔታውን አጥቤ፣ ግራሶ መዳፌ ላይ እያደረግኩ ሳጎርሰው እጄን ሲያይ ቆየ።

«እንዴት ያለሽ ባለሙያ ነሽ!» አለኝ። «ማን አስተማረሽ?»

ያንተን ስም ልጠራ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ይቅርታ፣ ሌላ ሰው ጠራሁ።

«ባሌ» አልኩት።

«መካኒክ ነው?»

«መካኒክ ነው። በአገሩ የታወቀ።»

«ያስታውቃል። ደኅና አድርጎ ነው ያስተማረሽ።» ትንሽ አሰበና ግንባሩን ቋጠረ። የተቆጣ መሰለ፤ ስለ እኔ። «ታዲያ እሱ የት ሄዶ ነው አንቺ እጅሽን የምታቆሽሺው?»

ሃልቮር፣ እጆቼ ሁለቱም እስከ አንጓቸው ግራሶ ነበሩ፤ ዓይኔን እንኳ መጥረግ አልቻልኩም።

«ሩቅ አልሄደም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወንበሩን ተደግፎ ብድግ አለ፤ መጥቶም አጠገቤ በርከክ አለ። «በይ እንግዲያው» አለኝ፣ «እሱ እስኪመጣ እኔ ላግዝሽ።» ዳዶዎቹን ከመሬት ለቃቅሞ በመዳፉ ያዘልኝ። እጄን ስዘረጋለት አንዱን ይሰጠኛል፤ አጠብቀዋለሁ፤ ደግሞ እዘረጋለሁ፤ ደግሞ ይሰጠኛል። አንድም አልጣለብኝም።

ነገ ጠዋት እንነሳለን።

ቨርሊን